ቃል ሰጪና መዝገቡ

አማርኛችን ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። ደጅ ላይ «እንዲህ አለኝ» ስንለው የነበረው ሰው በሩን አልፎ ከገባ በኋላ «ቃሉን ሰጠ» ይባላል። ሰጠ! የተሰጠ ነገር ደግሞ የተቀባዩ ነው። ዶሮዎን ለጎረቤት ከሰጡ በኋላ በማግስቱ ሄደው «እንቁላሏን አምጡ» ማለት አይችሉም። ቃልም እንደዚያው ሆኖ ቀርቷል። ቃል ሰጪው ይፈርማል፣ ወይም አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል፤ መዝገቡ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ሰውየውና ቃሉ በዚያው ይለያያሉ።

ለመሆኑ መልሶ ማየት ይቻላል? የሰጠሁትን ቃል፣ ያመለከትኩትን ስርቆት፣ የታሰረ ልጄን ጉዳይ፣ የሞተ ወንድሜን የምርመራ መዝገብ «አንዴ አሳዩኝ፣ ግልባጭ ስጡኝ» ብል ወግ ነው ወይስ ድፍረት? አብዛኛው ሰው ድፍረት ይመስለዋል። «ኧረ የተኛ ነገር አትቀስቅስ!» ይላል መካሪው ሁሉ። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። ሕጉ ወደሚለው ከመሄዴ በፊት አንድ አገር ልምረጥና ነገሩን እዚያ ላይ ላሳያችሁ። የመረጥኩት ወላይታን ነው። በወላይታ የቆየ የፖሊስ መዝገብ የሚፈልግ ሰው «ይሰጡኝ ይሆን?» ከማለቱ በፊት «ማን ዘንድ ነው ያለው?» ማለት አለበት። ይህን ጥያቄ ያመጣው ታሪክ ነው።

ፖሊስና ወረቀት የተጋቡት ሩቅ ጊዜ አይደለም። አባቶቻችን ሌባ ሲፈልጉ አውጫጭኝ ይቀመጣሉ፣ ሲብስባቸው ሌባሻይ ያስነሳሉ፤ የሚጻፍ ነገር የለም። ወላይታም ውስጥ ነገር የሚያዘው ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት በጉታራ ነበር። የጉታራ መዝገቡ የታደመው ሰው ጆሮ ነው። የአንዱን ቃል ሌላው ቢያጣምመው እዚያው «እንዲህ አላልኩም» ብሎ ይመልሰዋል። ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ ሲቋቋም ነው ነገሩ ወደ ወረቀት የዞረው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣና መርማሪ ፖሊስ ምን እንደሚጽፍ፣ እንዴት እንደሚጽፍ ደነገገ። አቤት ባይ በቃሉ ያመለከተው ነገር በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ይነበብለታል፤ ይፈርምበታል። ያ ሕግ ብዙ መንግሥት አሳልፏል።

«ይነበብለታል» የምትለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። በምን ቋንቋ? የደቡብ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም አማርኛን ይዞ ቀጥሏል። እንግዲህ አንዲት የሁምቦ ገበሬ ላሟ ተሰርቃ ሶዶ ወይም ወረዳዋ ድረስ መጣች እንበል። የምትናገረው ወላይትኛ ነው። ፖሊሱም የአገሩ ልጅ ነውና በወላይትኛ ይሰማታል፤ እስክሪብቶ ሲያነሳ ግን በአማርኛ ይጽፋል። ያውም የቤታችንን አማርኛ አይደለም። «ከላይ በተጠቀሰው ቀን በግምት ከምሽቱ 2፡00 ሰዓት ሲሆን ለጊዜው ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ…» እያለ የሚሄደውን ነው። ሴትየዋ «ለጊዜው ማንነቱ ያልታወቀ» አላለችም፤ የጠረጠረችውን ሰው ስምና የአባቱን ስም ጠርታ፣ አያቱንም ጨምራ ረግማለች። መርማሪው ለጥንቃቄ ትቶት ይሆናል፤ ትክክልም ሊሆን ይችላል። ከዚያ አማርኛውን ወደ ወላይትኛ እየመለሰ ያነብላታል፤ እርሷም ታትማለች። ላሟ በሁለት ቋንቋ መሐል ሁለት ጊዜ ተሻግራለች ማለት ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ከስድስት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ቆማ «ለፖሊስ የሰጠሽው ቃል እንዲህ ይላል» ስትባል ልታየው የምትፈልገው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የማስጨንቅበት አንድ ነገር ነበር፤ ግሱን ማን ነው የሠራው? የፖሊስ ሪፖርት አማርኛ ከዚህ ጥያቄ ያመልጣል። «ግርግር ተፈጠረ»፣ «የሰው ሕይወት አለፈ»፣ «ጉዳት ደረሰ»። ሁሉም ይሆናል፣ ይደረጋል፤ አድራጊ ግን የለም። ልብ ወለድ ላይ ብናገኘው ደራሲው ሰንፏል እንላለን። መዝገብ ላይ ስናገኘው ደራሲውን ጠርቶ «ማን ፈጠረው?» የሚል አርታኢ የለም። ጥያቄውን ሊያነሳ የሚችለው ባለጉዳዩ ብቻ ነው፤ እርሱም መዝገቡን ካየ ነው።

ወላይታ በሌላ ሰው ብዕር መመዝገብ የጀመረው በፖሊስ አይደለም። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዘምተው ካዎ ጦናን ሲይዙና ንጉሣዊው ግዛት ሲያበቃ፣ የሆነውን የጻፉት ሁለት ሰዎች በሰፊው ይጠቀሳሉ። አንዱ የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ሌላው ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ነው። አንዱ የአሸናፊው ጸሐፊ፣ ሌላው እንግዳ። የተሸነፈው ወገን ቃል በአፍ ቀረ። ይህን የማነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የወላይታ ሽማግሌ «ተጽፏል» ሲባል ወዲያው «ማን ጻፈው?» የሚለው አመሉ ከየት እንደመጣ ለማስታወስ ነው።

አሁን ወደ መደርደሪያው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወላይታ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አንድ አውራጃ ነበር፤ ሶዶ የአውራጃው ከተማ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ደግሞ መጀመሪያ ይርጋለም፣ ኋላ አዋሳ። በአውራጃው ያልተቋጨ ጉዳይ ወደዚያ ይሄዳል። ደርግ በመጨረሻ ዓመታቱ አገሩን እንደገና ሲሸነሽን ወላይታ ወደ ሰሜን ኦሞ ተዞረ፤ ዋና ከተማው አርባ ምንጭ ሆነ። ኢሕአዴግ መጥቶም ሰሜን ኦሞ ዞን ተብሎ ቀጠለ፤ ዞኑ አርባ ምንጭ፣ ክልሉ አዋሳ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነና ሶዶ ዋና ከተማ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልል መቀመጫ ሆነች፤ ያውም የክልሉ ተቋማት በአንድ ከተማ ብቻ አልተቀመጡም፣ በየከተማው ተደለደሉ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይርጋለም፣ አዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ እንደገና ሐዋሳ፣ ከዚያ ሶዶ። በእያንዳንዱ ሽግሽግ ጊዜ ወንበር ይከፋፈላል፣ መኪና ይከፋፈላል፣ ሠራተኛ ይደለደላል፤ ስለዚህ ሁሉ ንብረት አስረካቢና ተረካቢ ተፈራርሞ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ስለ መዝገቡስ? መኪና ቢጠፋ የሚጮህ ኃላፊ አለ። የ1991 ዓ.ም. የምርመራ መዝገብ ቢጠፋ የሚጮኸው እናት ናት።

1991ን ያነሳሁት በዘፈቀደ አይደለም። በዚያ ዓመት የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ የሠራው አስተዳደር የመማሪያ መጻሕፍቱን ወደ ትምህርት ቤት ላከ። ወላይታ እምቢ አለ። መምህራኑ ተቃወሙ፣ ተማሪዎቹ ወጡ፤ መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። ኅዳር ላይ ሶዶ ውስጥ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ብዙ ሰው ታሰረ፤ ከሥራ የተባረሩና ወደ ሩቅ የተዛወሩ መምህራን ነበሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወላይታ ዞን ሆነ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ በየዓመቱም ይወሳል። በዚያን ወር ለታሰረው ለእያንዳንዱ ሰው ግን ስሙ፣ የተያዘበት ቀን፣ የሰጠው ቃል፣ የተፈታበት ቀን በመዝገብ መስፈር ነበረበት። ሕጉ ይህን ያዛል። የታሰረው ሶዶ ነው፤ የዞኑ ፖሊስ የነበረው ወደ 120 ኪሎ ሜትር ርቆ አርባ ምንጭ ነው፤ የክልሉ ፖሊስ አዋሳ ነው። ዞኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተለያየ፣ ክልሉ ከ25 ዓመት በኋላ ተለያየ። በዚያ ቀን ታስሮ የነበረ መምህር ዛሬ ጡረታ ላይ ነው። «በዚያ ወር ከሥራ የቀረሁት ታስሬ ነው» የሚል ማስረጃ ቢፈልግ ወዴት ይሂድ?

እንደዚያው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄ በተጋጋለበት ሰሞን የዞኑ አመራሮችና የአገር ሽማግሌዎች ሶዶ ውስጥ ተይዘው ታሰሩ፤ ሕዝቡ ወጣ፤ በሶዶና በቦዲቲ ሰዎች በጥይት ሞቱ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ምርመራ እንዲደረግ ጠየቀ። ሟቾቹ ቤተሰብ አላቸው። ቤተሰብ ደግሞ ሐዘኑ ሲቀመጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ፖለቲካ ላይሆን ይችላል። በስንት ሰዓት? የት ቦታ? ኦቶና ሆስፒታል ሲደርስ ነፍሱ ነበረች? የሕክምናው ማስረጃ ላይ ምን ተጻፈ? ማን ቃሉን ሰጠ? የዚህ ሁሉ መልስ፣ ካለ፣ ያለው በምርመራ መዝገብ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ሕጉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 29 መረጃ የመጠየቅና የማግኘት ነጻነትን ያስቀምጣል፤ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ ሁሉ የመመልከት መብት ይሰጠዋል። በኅዳር 2001 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን መብት ወደ መሬት አወረደው። ጋዜጠኞች በሌላው ክፍሉ ሲናደዱበት ስለኖሩ የመረጃ ነጻነቱ ክፍል ብዙም አልተነበበም። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የፕሬሱን ክፍል ሲተካ ይህኛው ክፍል ባለበት ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬም ይሠራል።

አዋጁ ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ ሁን አይልም፤ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ይጠይቃል፣ ጽፎ የመቀበሉ ሥራ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ያቺ የሁምቦ ሴት እዚህ ላይ ትዝ ትበለን። ጥያቄውን የሚቀበለው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ መልስ የሚሰጠውም በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከከለከለ ምክንያቱን ይናገራል። ምክንያቱ ካላሳመነ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል።

ወረቀት ላይ ያማረ ነው። ደጁ ላይ የሚሰማው ሌላ ነው። «ጋሼ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ጋሼ፣ ያ መዝገብ የድሮ ነው፣ ስቶር ነው ያለው፣ የስቶሩን ቁልፍ የያዘው ልጅ ፈቃድ ወጥቷል።» ለዚህ መድኃኒቱ ጩኸት አይደለም። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዞ መሄድ ነው። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጋሉ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ያስደርጋሉ። ያቺ ቁጥር ከሌለች 30ው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር የሚያውቅ የለም። በቃል ብቻ ተመላልሶ ጫማ የጨረሰ ሰው በሕግ ዓይን ገና አልጠየቀም።

ማመልከቻው ላይ ምን ይጻፋል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የደረሰበትን በደል በሦስት ገጽ ያትታል። የሚያነበው ጸሐፊ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። የምርመራ መዝገብ ቁጥሩን ካወቁ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን። ካላወቁ ቀኑ፣ ቦታው፣ የአቤት ባዩና የተጠርጣሪው ሙሉ ስም ከነአያት፣ ጉዳዩ ምን እንደነበር በአንድ መስመር። የመርማሪው ስም ትዝ ካለዎትም ይጨምሩት። በተጨማሪ መዝገብ እግር እንዳለው አይርሱ፤ ምርመራው ሲያልቅ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዐቃቤ ሕግ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ክስ የተመሠረተበት ጉዳይ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ ወር ከመመላለስ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ጠይቆ የውሳኔ ግልባጭ መውሰድ ይቀላል። የትራፊክ አደጋ ከሆነ ጠያቂው ወደ ትራፊክ ፖሊስ ነው የሚሄደው፤ ኢንሹራንሱም ያለዚያ ሪፖርት አያነጋግርም። ውጭ አገር ለመሄድ የሚጠየቀው ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ ደግሞ የጣት አሻራ ተሰጥቶ ከፌዴራል ፖሊስ የሚወጣ ነው፤ የሶዶ ጣቢያ መዝገብ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አይቼ አላውቅም ብል ዋሽቻለሁ።

የማይሰጥም አለ፤ መሆንም አለበት። ምርመራው ገና ያላለቀ ከሆነ፣ ጠቋሚው ሰው የሚጋለጥ ከሆነ፣ የሰው ነፍስ አደጋ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ፖሊስ «አይሆንም» ቢል እውነት አለው። የሌላ ሰው ገመናም እንደዚሁ። የጎረቤቴ ልጅ ተደፍራ የሰጠችው ቃል ለእኔ የማወቅ ጉጉት ተብሎ አይገለበጥም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ በር ሌላውን ሁሉ ማስወጫ ሲሆን ነው። የራሴን ቃል ስጠይቅ «ምስጢር ነው» ከተባልኩ ምስጢሩ የሚጠበቀው ከማን ነው? ከእኔ?

ጀርመኖች ይህን ጥያቄ በትልቁ ተጋፍጠውታል። ምሥራቅ ጀርመን ስትፈርስ የስለላ ድርጅቷ ሽታዚ በመደርደሪያ ቢዘረጋ 111 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሰነድ ትቶ ነበር። ከአርባ ምንጭ ሶዶ ሊደርስ ምን ቀረው! እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ ሕግ አወጡና ከ1992 ጥር ጀምሮ ዜጋው የራሱን ፋይል ማንበብ ቻለ። ብዙ ሰው ባሉን፣ ጓደኛውን፣ ወንድሙን እዚያ ውስጥ በጠቋሚነት አግኝቷል፤ ትዳር ፈርሷል። ቢሆንም በሩ አልተዘጋም፤ ጠያቂውም በሚሊዮን ተቆጠረ።

እኛም ዕድሉ ነበረን። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከደርግ ቢሮዎች ከ300,000 ገጽ በላይ ሰነድ ሰበሰበ፤ የግድያ ትእዛዝ ከነፊርማው የተገኘበት። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የጀመረው ችሎት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ሲፈርድ ወረቀቶቹ ትልቅ ምስክር ነበሩ። ሆኖም ወረቀቱ ለከሳሹ አገለገለ እንጂ «የእኔን ወይም የልጄን ላንብብ» ለሚል ሰው እንደ ጀርመኑ ያለ የንባብ በር በሕግ አልተከፈተለትም። የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰው የ«ኦሮማይ» ደራሲ በዓሉ ግርማ ቤተሰብ እንኳ የሚያሳርፍ ወረቀት አላገኘም። የታወቀው ሰው ይህ ከሆነ የሶዶው ተማሪ ምን ይሁን?

በ1991 ዓ.ም. ወላይታ በወጋጎዳ ስትታመስ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ኤጀንሲን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 179 ወጣ። ወመዘክር ማለት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰነድ በዘፈቀደ እንዳይጠፋ፣ ዕድሜው የደረሰው ወደ ቤተ መዛግብቱ እንዲገባ የታሰበበት ሕግ ነው። የወረዳ ፖሊስ ስቶር ውስጥ፣ በዝናብ ወቅት ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል፣ ከተሰበረ ወንበርና ከተያዘ ሞተር ብስክሌት ጎን የተከመረው ፋይል ይህ ሕግ የሚመለከተው መሆኑን ስንት ንብረት ክፍል ያውቃል? ፋይሉ ለቦታ ሲባል ተጠርጎ ከወጣ በኋላ የመረጃ ነጻነት አዋጁን ይዞ የሚመጣ ሰው ባዶ መደርደሪያ ነው የሚጠይቀው።

ስለዚህ አሁን ክልሉ ገና ቤቱን እያደራጀ ባለበት ጊዜ የቆየ መዝገብ የሚፈልግ የወላይታ ሰው ብዙ ባይዘገይ ደስ ይለኛል። የ1991ዱን ለሚጠይቅ ሰው አንድ ማመልከቻ አይበቃውም። አንዱን ለሶዶ ከተማ ፖሊስ፣ አንዱን ለወላይታ ዞን ፖሊስ፣ አንዱን ለአርባ ምንጭ፣ አንዱን ለሐዋሳ ይጻፍ፤ በእያንዳንዱ ግርጌ «ግልባጭ» ብሎ የሌሎቹን ሦስት ስም ይዘርዝር። አራቱም መሥሪያ ቤቶች «እኛ ጋ የለም» ቢሉ በጽሑፍ ያስብላቸው፣ ማህተም ያስደርግበት፣ አራቱንም ደብዳቤ በአንድ ፋይል ይሰብስባቸው።